ሲስተሙ ለምን 2147483647 ላይ ቆመ? ደሞ ፕራይም ነው ይላሉ

ሒሳብ ያዥዋ
ሰላም ናችሁ። መርካቶ አንድ የጅምላ ቤት ሒሳብ እሠራለሁ። ትናንት ማታ የዓመቱን ሽያጭ ዘግቼ ጠቅላላ ድምሩን ሳወጣ ሲስተሙ −21,469,672.96 ብር አለኝ፣ ከፊቱ ማይነስ ያለው! ደረሰኞቹን በካልኩሌተር ስደምራቸው ድፍን 21,480,000.00 ነው የሚመጣው፣ ሁለቴ ደመርኩት፣ ኤክሴል ላይም ያው። እውነቴን ነው እጄ ነው የተንቀጠቀጠው፣ ነገ ባለቤቱ ሲመጣ ምን ልለው ነው እያልኩ። ፕሮግራሙን ለሠራልን ልጅ ስደውልለት "ከ2147483647 በላይ መያዝ ስለማይችል ነው፣ አስተካክለዋለሁ" አለኝና ዘጋው። እሺ ይስተካከል፣ ግን ቁጥሩ ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ለምን ድፍን 2 ቢሊዮን አልሆነም? የኛ ብር ደሞ 21 ሚሊዮን እንጂ 2 ቢሊዮን አይደለም እኮ። ቁጥሩን ስፈልገው "ፕራይም ነው" (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) የሚል አየሁ፣ ታዲያ እሱና የኛ ሽያጭ ምን አገናኛቸው? የሚያውቅ ሰው ቀለል አድርጎ ያስረዳኝ።

ኮድ ጸሐፊ
አይዞሽ እህቴ ብሩ የትም አልሄደም። ሲስተማችሁ ብሩን የሚይዘው በሳንቲም ነው፣ ይሄ የተለመደ አሠራር ነው፣ ነጥብ ያለው ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ሽርፍራፊ ስህተት ስለሚያመጣ። ስለዚህ 21,480,000.00 ብር ለሱ 2,148,000,000 ሳንቲም ነው። ጣሪያው 2,147,483,647 ሳንቲም ነው፣ ማለትም 21,474,836.47 ብር። ያለፋችሁት በ5,163 ብር ከ53 ሳንቲም ብቻ ነው።

ለምን እዛ ላይ ጣሪያ ሆነ ላልሽው፣ 32 አምፖል (እኛ ቢት የምንላቸው) በረድፍ የተሰቀለ አድርገሽ አስቢው። የመጀመሪያው ፕላስ ነው ማይነስ የሚለውን ያሳያል፣ 31ዱ ቁጥሩን ይይዛሉ። ከቀኝ ስትጀምሪ አንዱ ሲበራ 1፣ ቀጥሎ 2፣ ከዛ 4፣ 8፣ 16 እያለ በእጥፍ እያደገ የመጨረሻው 1,073,741,824 ነው። ሁሉም ሲበሩ ድምሩ 2,147,483,647 ይሆናል፣ ማለትም 2 በ31 ጊዜ ተባዝቶ ከዛ ላይ 1 ተቀንሶ፣ አጻጻፉ 2^31−1። ለኛ ዝብርቅርቅ ያለ ይመስላል እንጂ ለማሽኑ እኮ 31 አንዶች የተደረደሩበት ነው፣ ለኛ 9,999,999 እንደሚመስለን ማለት ነው።

ማይነሱ ደሞ ከዚህ ይመጣል። ሰዓት 12 ላይ ሲደርስ 13 አይልም፣ ወደ 1 ይዞራል። ይሄም ጣሪያውን ሲያልፍ ወደ ታችኛው ጫፍ ወደ −2,147,483,648 ይዞራል። የዙሩ ርዝመት 4,294,967,296 ነው። እስቲ ከ2,148,000,000 ላይ እሱን ቀንሽና ለመቶ አካፍዪው።

ሒሳብ ያዥዋ
ቀነስኩት!! −2,146,967,296፣ ለመቶ ሲካፈል −21,469,672.96። እስከ ሳንቲሟ ልክ ነው። እንቅልፍ ያጣሁበትን ነገር በአንድ መቀነስ አሳየኸኝ፣ እግዜር ይስጥህ። ስሕተት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥርዓት አለ ብዬ አስቤም አላውቅ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ
እኔም ልጠይቅ፣ እና ፕራይም የሆነው የኮምፒውተር ጣሪያ ስለሆነ ነው? እንደዛ ከሆነ የ64 ቢቱም ጣሪያ ፕራይም ይሆናል ማለት ነው አይደል?

መምህር ዘጎንደር
ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፣ ግን አይደለም። የ64 ቢት ጣሪያ 2^63−1 ነው፣ 9,223,372,036,854,775,807። ይሄ ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ለምን ብትል 63 የ3 ብዜት ነው፣ 2^3−1 ደግሞ 7 ነው። 2 ራስ ላይ ያለው ቁጥር (እዚህ 63) ብዜት ከሆነ፣ ማለትም ፕራይም ካልሆነ፣ ውጤቱም ሁልጊዜ ብዜት ነው። የ16 ቢቱንም እየው፣ 2^15−1 = 32,767 = 7 × 31 × 151። 15 የ3ም የ5ም ብዜት ስለሆነ 7ም 31ም ውስጡ ገብተዋል። ከ8፣ ከ16፣ ከ32 እና ከ64 ቢት ጣሪያዎች ውስጥ ፕራይም (ብቸኛ ቁጥር) የሆኑት 127 እና 2147483647 ብቻ ናቸው። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ፕራይም ፈልገው አልመረጡትም፣ 32 ሲቀነስ 1 ፕራይም ሆኖ ተገኘ፣ ከዛም ውጤቱ ፕራይም ሆነ።

ግን ተጠንቀቅ፣ ላይ ያለው ፕራይም መሆኑ ብቻውን አይበቃም። 11 ፕራይም ነው፣ 2^11−1 ግን 2,047 ነው፣ እሱም 23 × 89። 29ም ፕራይም ነው፣ 2^29−1 ግን 233 × 1,103 × 2,089 ሆኖ ይበታተናል። 2 በራሱ ተደጋግሞ ተባዝቶ 1 ሲቀነስ የሚገኙ ፕራይሞች የመርሴን ፕራይም ይባላሉ። ላያቸው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ብጽፍልህ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19 እና ከዛ 31 ነው። ስለዚህ የኛ ቁጥር ስምንተኛው ነው። 31 ራሱ 2^5−1 መሆኑንም ልብ በል፣ የመርሴን ፕራይም ላይ የተሠራ የመርሴን ፕራይም ነው። እንዲህ ያሉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ
መምህር እናመሰግናለን። ግን ፕራይም መሆኑ ያኔ ኮምፒውተር ሳይኖር እንዴት ታወቀ? በሁሉም ቁጥር እያካፈሉ ነው?

መምህር ዘጎንደር
እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው፣ ትንሽ ረዘም ካለ ታገሱኝ።

ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1772 በርኑሊ ለሚባል ሌላ የሒሳብ ሰው በጻፈው ደብዳቤ። ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር፣ ዕድሜው 60ን አልፏል፣ ዓይኑም ጠፍቶ ማየት አይችልም ማለት ይቻላል። በቃል ነው የሚያሰላው፣ ሌሎች ይጽፉለታል። እንዲህ ሆኖ ነው ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ፕራይም መሆኑን ያረጋገጠው። እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪ "ካልኩሌተር አልያዝኩም" ሲለኝ ይሄን ነው የማወራለት።

አንድ ቁጥር ፕራይም መሆኑን ለማወቅ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ባሉት ፕራይሞች ማካፈል በቂ ነው። የኛ ስኩዌር ሩት ከ46,340 በትንሽ ይበልጣል፣ እስከዛ ያሉት ፕራይሞች ደግሞ ወደ 4,800 ይጠጋሉ። ዓይን ለሌለው ሰው ብዙ ነው። ኦይለር ግን ከማካፈሉ በፊት አሰበ፤ ይሄ ቁጥር አካፋይ ፕራይም ቢኖረው ያ ፕራይም ምን ዓይነት መልክ ሊኖረው ይገባል ብሎ።

አካፋይ አለው እንበል። 2ን በራሱ ደጋግመህ እያባዛህ ለዛ ፕራይም ስታካፍለው ቀሪው በ31ኛው እርምጃ ላይ 1 ይሆናል። 31 ፕራይም ስለሆነ ከዛ ቀድሞ 1 ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ቀሪው 1 የሚሆነው በየ31 እርምጃው ነው። የፌርማ ትንሹ ቲዎረም ደግሞ ከፕራይሙ ላይ 1 ቀንሰህ በምታገኘው እርምጃም ቀሪው የግድ 1 ነው ይላል። ሁለቱ የሚስማሙት ፕራይም ሲቀነስ 1 የ31 ብዜት ከሆነ ብቻ ነው። ፕራይሙ ጎዶሎ ነው፣ ስለዚህ 1 ሲቀነስለት የ2ም ብዜት ይሆናል። በአንድ ላይ የ62 ብዜት። በትንሹ ለመፈተሽ 2,047ን ውሰድ፣ እዛ ላይ 11 ነው ያለው ስለዚህ የ22 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት፦ 23 = 22 + 1፣ 89 = 4 × 22 + 1። ይኸው!

ከዛ ሁለተኛ ወንፊት አለ። 2^31 ቀሪው 1 ከሆነ 2^32 ቀሪው 2 ነው፣ 2^32 ደግሞ የ65,536 ስኩዌር ነው። 2 የስኩዌር ቀሪ የሚሆነው ለ8 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ወይም 7 በሆኑ ፕራይሞች ላይ ብቻ ነው። ሁለቱን ወንፊት ስታነባብራቸው አካፋዩ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። ከ46,340 በታች እንዲህ ያሉ ቁጥሮች 373 ብቻ ናቸው፣ ከነሱም ውስጥ ብዙዎቹ ራሳቸው ፕራይም ስላልሆኑ ይዘለላሉ።

እስቲ ጀምሩት። 63 ብዜት ነው ይዘለላል፣ 249 የ3 ብዜት ነው ይዘለላል። የመጀመሪያው እውነተኛ ተፈታኝ 311 ነው። 311 × 6,905,092 = 2,147,483,612፣ ቀሪ 35። አላካፈለም። 497፣ 559፣ 745፣ 807፣ 993፣ 1,055፣ 1,241 ሁሉም ብዜት ናቸው። ቀጣዩ 1,303 ነው፣ እሱን ለናንተ ትቻለሁ።

ኮድ ጸሐፊ
መምህር እኔ ይሄን ቁጥር በየቀኑ እየጻፍኩት 10 ዓመት ሠራሁ፣ 248ን ግን ዛሬ ገና ሰማሁ። በጣም ነው የማመሰግነው።

ፕራይም መሆኑ በኛም ሥራ ጥቅም አለው። ለጌም፣ ለሎተሪ ሙከራ ምናምን የዘፈቀደ የሚመስል ቁጥር ማመንጨት ሲፈለግ የድሮ ዘዴ አለ፣ የያዝከውን ቁጥር በ16,807 ታባዛለህ፣ ለ2147483647 ታካፍላለህ፣ ቀሪውን ትይዛለህ፣ ከዛ ያንኑ ትደግማለህ። ከ1 ስትጀምር 16807፣ ከዛ 282475249፣ ከዛ 1622650073፣ ከዛ 984943658 እያለ ይሄዳል። ፓርክ እና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1988 እንደ ዝቅተኛ መለኪያ አድርገው ያቀረቡት ነው፣ ኮድህ ትክክል መሆኑን ለማወቅ 10,000ኛው ላይ 1043618065 መምጣቱን ታያለህ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ይሄን ጽፌ ያ ቁጥር ሲመጣልኝ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። 16,807 ማለት 7 በራሱ 5 ጊዜ ነው። ጣሪያው ፕራይም ስለሆነና 16,807ም በደንብ ስለተመረጠ ከ1 እስከ 2147483646 ያለውን ሁሉ አንድ ሳይዘል አንድ ሳይደግም ዞሮ ነው ወደ 1 የሚመለሰው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ወገኖች፣ እኔ ሰርቨር ላይ ነው የምሠራው። ስለዚህ ቁጥር ከተነሳ ሰዓቱን ካላነሳን ይቆጨኛል። ብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓትን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1፣ 1970 ጀምሮ ባለፈው ሰከንድ ብዛት ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። ሰከንዱን በ32 ቢት የሚይዙት አሮጌ ሲስተሞች 2147483647ኛው ሰከንድ ላይ ይሞላሉ፣ ያ ደግሞ በግሪንዊች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19፣ 2038 በፈረንጅ ሰዓት ሌሊት 3:14:07 ነው። ይሄን ሁሉም የኛ ሙያ ሰው ያውቀዋል።

ግን ባለፈው ቁጭ ብዬ ወደኛ አቆጣጠር ስመልሰው ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማለዳ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጥምቀት!! ሦስቴ ነው ያረጋገጥኩት። ጃንሜዳ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ፣ ታቦታቱ በድንኳን አድረው፣ ጸበሉ ሊረጭ በሚጠበቅበት ማለዳ ላይ ነው የሚሞላው። እኛ ጋ አሜሪካ ገና ሰኞ ማታ ከምሽቱ 4:14 ይሆናል፣ ከተራ። ያን ቀን እኔ ቤተክርስቲያን ነኝ ወይስ ሰርቨር ክፍል የሚለውን ካሁኑ እያሰብኩ ነው፣ ከአሁኑ ሁሉንም ወደ 64 ቢት ካዞርነው ቤተክርስቲያን ነኝ።

ካልተስተካከለ ሰዓቱ ልክ እንደ እህታችን ብር ወደ ማይነስ ነው የሚዞረው። −2147483648 ሰከንድ ማለት ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው፣ በዛሬው ሰዓታችን ከሌሊቱ 5:45:52። አጼ ምኒልክ ዙፋን ላይ እያሉ ማለት ነው።

መምህር ዘጎንደር
ይሄን አላውቅም ነበር። እኔ በየዓመቱ ጥር 11 ማለዳ ፋሲል መዋኛ ነኝ፣ 2030 ላይ ዕድሜ ከሰጠኝ ሰዓቴን አየዋለሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ
2030 ላይ እኔ የት እንደምሆን እንጃ ግን ስልኬ ላይ አላርም ሞላሁለት 🙏 እዚህ አገር የቀን አቆጣጠር መቀየሪያ ፕሮግራም የሚሠሩ ልጆችም ይሄን ሊያስቡበት ይገባል፣ ብዙው ከታች ያችኑ ሰከንድ ነው የሚጠቀመው።

ግዕዝ ወዳጅ
በግዕዝ ቁጥር ስጽፈው እንዴት እንደሚያምር ላሳያችሁ። ከቀኝ ጀምራችሁ ሁለት ሁለት አሃዝ ቆርጣችሁ ለዩት፦ 21 47 48 36 47። አሥር አሃዝ ስለሆነ አምስት ጥንድ ሆኖ ምንም ሳይቀር ይቆረጣል። ከዛ በመሃላቸው ፼ እና ፻ እየተፈራረቁ ይገባሉ፦

፳፩፼፵፯፻፵፰፼፴፮፻፵፯

ሲነበብ ሃያ አንድ እልፍ፣ አርባ ሰባት መቶ፣ አርባ ስምንት፣ ይሄ ሁሉ 214,748 ነው፣ እሱ እንደገና በእልፍ ይባዛል፣ ከዛ ሠላሳ ስድስት መቶ፣ አርባ ሰባት። ደምሩት፣ አንድም አይጎድልም። ዜሮ የሚባል ምልክት የለም፣ እዚህ ቁጥር ላይ ደሞ ዜሮ የሚፈልግ ቦታም የለም።

ኮድ ጸሐፊ
ግዕዝ ወዳጅ ካነሳህ አይቀር፣ ውጭ አገር ያሉ ፕሮግራመሮች "የኢትዮጵያ ማባዣ" የሚሉት ዘዴ አለ፣ በአንድ ወገን እያጋመስክ በሌላው ወገን እያጠፍክ ትወርዳለህ፣ በግማሹ ረድፍ ተጋማሽ ቁጥር ሲመጣ ያን መስመር ትሰርዛለህ፣ የቀሩትን በሌላው ወገን ትደምራለህ። እስቲ 2147483647ን እያጋመሳችሁ ውረዱ፣ ሽርፍራፊውን ጣሉት፦

2147483647
1073741823
536870911
268435455
134217727
...
15
7
3
1

31 መስመር ነው፣ ሁሉም ጎዶሎ ነው፣ አንዱም አይሰረዝም። ከሱ የበለጠ ባለ 31 መስመር ቁጥር የለም። ቅድም አምፖሎቹ ሁሉ በሩ ያልኩት ይሄው ነው፣ አምፖል ሳያስፈልግ በእስክሪብቶ።

ሒሳብ ያዥዋ
ይሄ ገባኝ! ከአምፖሉ ይልቅ ይሄ ነው የገባኝ፣ ወረቀት ላይ ስሠራው ጎዶሎ ጎዶሎ ጎዶሎ እያለ ሲወርድ ልቤ ነው የተሰቀለው አንዱ ላይ ይሰበር ይሆን ብዬ።

አንባቢ ከሐዋሳ
ክሩን ከላይ እስከታች አነበብኩት። አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ቁጥር በ2^30 ሲባዛ 2305843008139952128 ይሆናል፣ እሱም ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር ነው፣ ማለትም ከራሱ በስተቀር ያሉት አካፋዮቹ ሁሉ ሲደመሩ ራሱን ይሰጣሉ፣ ልክ 6 = 1 + 2 + 3 እንደሚሆነው። እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1811 ስለዚሁ ፍጹም ቁጥር ሲጽፍ ጥቅም ስለሌለው ከሱ የሚበልጥ ማንም አይፈልግም፣ እስከ መጨረሻው ትልቁ እሱ ይሆናል ብሎ ነበር። እኔን ይሄ ያሳዝነኛል፣ ሰው የማወቅ ፍላጎቱን ዝቅ አድርጎ ስለገመተ። እ.ኤ.አ. በ1876 ኤድዋርድ ሉካስ ባለ 39 አሃዙን 2^127−1 ፕራይም መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2024 የተገኘው 2^136279841−1 ደሞ ከ41 ሚሊዮን በላይ አሃዝ አለው፣ ያገኙት በፈቃደኝነት ኮምፒውተራቸውን አዋጥተው የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው።

መምህር ዘጎንደር
ትክክል ነህ። ጥቅም የለውም የተባለው ፍጹም ቁጥር የተሠራበት ፕራይም ነው ዛሬ የመርካቶ ሽያጭ ላይ የተገኘው።

ሒሳብ ያዥዋ
ልጁ ዛሬ መጥቶ ወደ 64 ቢት ቀየረው፣ 21,480,000.00 ብሎ ቁጭ አለ። ባለቤቱም ሰላም ናቸው።

መምህር እርስዎ የተውትን 1,303 ምሳ ሰዓት ላይ በእጄ አካፈልኩት፣ 1,648,107 ጊዜ ደርሶ ቀሪ 226። ከዛ 1,489ን ሞከርኩ፣ 1,442,232 ጊዜ ደርሶ ቀሪ 199። ቀጥሎ ያሉትን በ248 እየቆጠርኩ ሳያቸው 1,551 የ3 ብዜት፣ 1,737 የ3፣ 1,799 የ7፣ 1,985 በ5 ያልቃል፣ 2,047 ደሞ ያ የእርስዎ 23 × 89 ነው፣ መንገድ ላይ ሳገኘው ደስ አለኝ። 2,233 የ7፣ 2,295 በ5፣ 2,481 የ3። 2,543 ግን በምንም እምቢ አለኝ፣ ፕራይም ሳይሆን አይቀርም። ነገ ምሳ ላይ እሱን አካፍላለሁ።